በመካከል ያለው መስተዋት



ሲኒማ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ይልቁንም ስለ ፍቅር የሚናገርና የሚያስቅ ፊልም ሲሆን፥ ለተማሪ የማይገባ ቀላል ነገር ነው ተብሎ ይናቃል። ይህ አስተያየት ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ለልቡና አንዳች ነገር ሳይተው የሚያልፍ ፊልም ብዙ ነውና። ነገር ግን በሳቅ መካከል የተሰማ እውነት፥ በተግሣጽ ከተነገረው ይልቅ ጠልቆ የሚገባበት ጊዜ አለ። በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የሲኒማ ክበብ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካሳየን የቆዩ ፊልሞች መካከል፥ የባለጸጋንና የድኻን ፍቅር በቀልድ የሚተርኩት በእኔ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አሳድረውብኛል። ጥያቄው «ተጋቡ ወይስ ተለያዩ?» የሚል አይደለም። «ሁለቱ ይገናኙ ዘንድ የተለወጠው ማን ነው? ከቤቱ የወጣውስ ማን ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ፊልሞቹን እንደገና ተመለከትኋቸው፤ ያገኘሁትንም በዚህ መጽሔት ላይ ለማቅረብ ተመኘሁ። የፊልሞቹን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እነዚህ ፊልሞች በምን ጊዜ እንደ ተወለዱ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ድምፅ ያለው ፊልም በ1927 ታየ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1929 የኒው ዮርክ የአክስዮን ገበያ ወደቀ። ባንኮች ተዘጉ፤ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ በ1933 ከአገሩ ሠራተኞች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበረ። እንጀራውን ያጣ ሕዝብ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ወደ ጨለማው አዳራሽ ሲገባ፥ ሐር የለበሱ ባለጸጎች ሲታለሉ፥ ሲወድቁና ሲሳቅባቸው ማየት ደስ ይለው ነበር። በፊልሙ መጨረሻም ባለጸጋውና ድኻው ታርቀው ቢያይ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ እነዚህ ቀልዶች የሕዝቡን ቁጣ በሳቅ ለማብረድ የረዱ ነበሩ ብንል ስሕተት አይሆንም።

ፊልሞቹን ከሠሩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ችግርን የሚያውቁ ነበሩ። ፍራንክ ካፕራ በ1897 በሲሲሊ ተወልዶ፥ ገና ሕፃን ሳለ ከድኾች ወላጆቹ ጋራ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን በለንደን በድኻ መጦሪያ ውስጥ የኖረ ልጅ ነበረ። ቢሊ ዋይልደር በ1933 ከበርሊን የሸሸ ስደተኛ ነው። ልዕልት ሆና የምናያት ኦድሪ ሄፕበርንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በሆላንድ የረኃብን ክረምት ያሳለፈች ናት። ስለዚህ በባለጸጋና በድኻ መካከል ስላለው ግንብ ሲተርኩ፥ ከሩቅ ሰምተው የተናገሩ አይደሉም።

የዚህ ዓይነት ፊልም ታላቅ ወንድም ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ካፕራ በ1934 ያዘጋጀው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አንድ ሌሊት የሆነ ነገር» እንደ ማለት ነው። ኤሊ የምትባል የአንድ ታላቅ ባለጸጋ ልጅ አባቷ የማይወደውን ሰው ስላገባች፥ አባቷ በመርከቡ ላይ ያግዳታል። እርስዋ ግን ከመርከቡ ወደ ባሕር ዘልላ በመዋኘት ታመልጥና፥ ከማያሚ ወደ ኒው ዮርክ በሚሄድ የሕዝብ አውቶቡስ ትሳፈራለች። በዚያም ፒተር ከሚባል ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ ጋራ ትገናኛለች። ሻንጣዋ ይሰረቃል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል ለማደር ይገደዳሉ። ፒተር በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ዘርግቶ ብርድ ልብስ ይሰቅልና፥ ይህ የኢያሪኮ ግንብ ነው ይላታል።

ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ስለ ብርድ ልብሱ ያወራል። እኔ ግን ይበልጥ ያስተዋልሁት ስለ ምግብ ያለውን ነገር ነው። ፒተር ለኤሊ ጣፋጭ ዳቦ በቡና ውስጥ እንዴት እንደሚነከር ያስተምራታል፤ ይህን ቀላል ነገር አታውቅም ነበርና። በኋላም ከእርሻ የተነቀለ ጥሬ ካሮት ሲሰጣት በመጸየፍ እንቢ ትላለች፤ ረኃቡ ሲጠናባት ግን አንሥታ ትበላለች። በዚህ ፊልም ከቤቷ የወጣችው፥ በእግሯ የሄደችውና የተማረችው የባለጸጋው ልጅ ናት። ድኻው ሐር አልለበሰም፤ አነጋገሩንም አልለወጠም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ፒተር ወደ አባቷ የሚሄድበትን ስፍራ ነው። አባቷ የጠፋችውን ልጁን ላገኘለት 10,000 ዶላር እንደሚሰጥ በጋዜጣ አሳውጆ ነበር። ፒተር ሲመጣ ያንን ገንዘብ ሊጠይቅ ይመስለዋል። ፒተር ግን የጠየቀው በመንገድ ላይ ያወጣውን 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ሒሳቡንም ዘርዝሮ ያቀርባል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ እዚህ ግን መንገዱን የከፈተው ያልተወሰደው ገንዘብ ነው። አባትየው የሰውየውን ክብር ከዚያ ሒሳብ ተረዳ፤ በሠርጉም ቀን ልጁን ክንዷን ይዞ ሲወስዳት፥ ከሌላው ሙሽራ ሸሽታ ወደ ፒተር እንድትሄድ በጆሮዋ መከራት። ይህ ፊልም በአንድ ጊዜ ለምርጥ ፊልም፥ ለአዘጋጅ፥ ለተዋናይ፥ ለተዋናይትና ለድርሰት የሚሰጡትን አምስቱን የኦስካር ሽልማቶች በማግኘት የመጀመሪያው ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ፊልም እንደዚህ ቅን አይደለም። በ1936 የተሠራው «ማይ ማን ጎድፍሬይ» እጅግ የሚያስቅ ፊልም ነው። ሥራ ፈት ባለጸጎች በጨዋታ ይወዳደራሉ፤ ጨዋታቸውም ዋጋ የሌላቸውን ነገሮች ፈልጎ ማምጣት ነው፤ ከሚፈለጉትም «ዕቃዎች» አንዱ የተረሳ ድኻ ሰው ነው። አይሪን የምትባለው ልጅ ጎድፍሬይን በወንዝ ዳር ከቆሻሻ መጣያ አግኝታ ትወስደዋለች፤ በቤታቸውም አሳላፊ ይሆናል። እስኪጐመዝዘን ድረስ ያስቀናል፤ ሰውን እንደ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ምን ያህል ባዶ እንደ ሆኑ ፊት ለፊት ያሳየናል። በኋላ ግን ጎድፍሬይ ድኻ ሆኖ የተወለደ እንዳይደለ፥ ከቦስተን ታላላቅ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ እንደ ሆነ ይገለጣል። ያን ጊዜ ግንቡ አልፈረሰም፤ በመጀመሪያም አልነበረም ማለት ነው። አይሪን የወደደችው የራሷን ወገን ነው። ይህ በብዙ ተረት ውስጥም የምናገኘው ዘዴ ነው፤ በእረኛ ልብስ ውስጥ ንጉሥ ይሸሸጋል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን እረኛ ሆኖ ለቀረው እረኛ የሚሰጠው ተስፋ የለም።

አሁን እኔን በቅርብ ወደሚነካኝ ፊልም እመጣለሁ። እርሱም ቢሊ ዋይልደር በ1954 ያዘጋጀው «ሳብሪና» ነው። ሳብሪና በሎንግ አይላንድ የሚኖሩት የላራቢ ቤተሰብ ሾፌር ልጅ ናት፤ ከአባቷም ጋራ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ባለው ክፍል ትኖራለች። ሌሊት ዛፍ ላይ ወጥታ የጌቶቹን ግብዣ ትመለከታለች፤ ታናሹን ልጅ ዴቪድን ትወደዋለች፤ እርሱ ግን መኖሯንም አያስተውልም። አባቷ የወጥ ቤት ሙያ እንድትማር ወደ ፓሪስ ይልካታል። ሁለት ዓመት ቈይታ ስትመለስ ልብሷ፥ ፀጉሯና አካሄድዋ ሁሉ ተለውጧል። ዴቪድ በባቡር ጣቢያ አጠገብ ሲያያት መኪናውን አቁሞ ያሳፍራታል፤ ማን እንደ ሆነች ግን አላወቀም። ታላቁ ወንድም ላይነስ የንግድ ውላቸው እንዳይፈርስ ከዴቪድ ሊለያት ሲል የወደዳት መስሎ ይቀርባታል፤ በመጨረሻም የእውነት ይወዳትና በመርከብ ተከትሏት ይሄዳል።

እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ። የምንኖረውም አባቴ በሚያገለግሉበት በአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፥ ከትልቁ ቤት ኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የቤቱ ጌታና እመቤት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በታመምሁ ጊዜ አሳክመውኛል፤ በየዓመቱም ደብተር ይገዙልኛል። ከልጆቻቸው ጋራ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልንና ድብብቆሽ እየተጫወትን አድገናል። ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነን ግን ጨዋታው ቆመ። ማንም አልከለከለንም፤ ማንም አልተቈጣንም። እነርሱ በመኪና ወደ አንድ ትምህርት ቤት፥ እኔ በእግሬ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርን፤ ከዚያ በኋላ በግቢው ስንገናኝ «ደኅና ነሽ?» «ደኅና» ተባብለን እንተላለፋለን። ከእነርሱ በረንዳ እስከ እኛ ደጃፍ 30 እርምጃ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ ሽታው እስከዚያ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቡናውን ከእኛ ቤት ገብቶ የጠጣ ከእነርሱ ወገን አንድም ሰው አላየሁም። ስኒው በሰደርያ ተደርጎ ወደ እነርሱ ይሄዳል።

ስለዚህ «ሳብሪና»ን ሳይ ከጓደኞቼ ጋራ ስቄአለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ዓይን ያረፈው በሾፌሩ በፌርቻይልድ ላይ ነበር። ይህ ሰው በፊልሙ ውስጥ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የሚመዘን ነው። ሕይወት እንደ ቅንጡ መኪና ናት፤ ሁሉም አብሮ ይጓዛል፥ ነገር ግን የፊት መቀመጫና የኋላ መቀመጫ አለ፥ በመካከላቸውም መስተዋት አለ የሚል ሐሳብ ለልጁ ይነግራታል። በሌላ ስፍራም ባለጸጋ ድኻ ሲያገባ ዓለም ሰውን በእኩል የሚያይ ነው ብሎ እንደሚያመሰግነው፥ ድኻው ግን ባለጸጋ ስላገባ እንዲህ ተብሎ ተመስግኖ እንደማያውቅ ያስተውላል።

የዚህን ቃል እውነት ወዲያው አገኘሁት። ፊልሙ ከታየ በኋላ አንዳንድ የክፍሌ ልጆች «ሳብሪና» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ስሙ የሚያስከፋ አይደለም፤ ቀልዳቸውም ክፋት የለበትም። ነገር ግን በክፍላችን የባለጸጋ ልጆች እያሉ «ላይነስ» ወይም «ዴቪድ» ተብሎ የተጠራ ማንም የለም። በእንዲህ ያለ ታሪክ ስም የሚወጣለት ከታች ያለው ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው በስሙ ይኖራል።

ፊልሙን ለአባቴ ላሳያቸው ብዬ ከአንዲት ጓደኛዬ ኮምፒዩተር ተዋስሁና፥ አንድ እሑድ ማታ እንግሊዝኛውን እየተረጐምሁላቸው አብረን ተመለከትን። ስለ ፊትና ስለ ኋላ መቀመጫ የሚነገረው ስፍራ ሲደርስ «እስቲ አቁሚው» አሉኝ። አቆምሁት። ጥቂት ዝም ብለው፥

«ይህ ሰው መኪና የነዳ ነው፤ አንድ ነገር ግን ትቷል» አሉ። «ሌላም መስተዋት አለ፤ ከሾፌሩ ፊት ከላይ የሚሰቀለው። እኔ በእርሱ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው አያለሁ። ሲያለቅስ አያለሁ፥ ሲጨነቅ አያለሁ፥ በስልክ ሲዋሽም አያለሁ። እነርሱ ግን የሚያዩት ማጅራቴን ነው። ይኸው 19 ዓመት ሆነ፤ እኔ ፊታቸውን አውቃለሁ፥ እነርሱ የሚያውቁት ማጅራቴን ነው።»

ይህን ያሉት በምሬት አልነበረም፤ ስለ ሞተር ወይም ስለ ጎማ እንደሚናገሩት ያህል ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስለ እነዚህ ፊልሞች ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። «ሳብሪና»ን ከዚህ አንጻር ስመዝነው ጉድለቱ ተገለጠልኝ። ፍቅሩ የሚያድገው በትልቁ ቤት ግብዣ፥ በጀልባ፥ በምግብ ቤትና በላይነስ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሾፌሩ ማዕድ ቀርቦ ራት የበላ የላራቢ ልጅ ግን አላየሁም። ሳብሪናም የታየችው ከፓሪስ ከተመለሰች በኋላ ነው። ዛፍ ላይ የነበረችውን ልጅ ማንም አላያትም፤ ያቺ ልጅ ግን ራሷ ሳብሪና ነበረች።

ስለ መለወጥ ከተነሣ የበርናርድ ሾውን «ፒግማሊዮን» ሳላነሣ አላልፍም። ይህ ቴአትር በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ1938 ፊልም ሆነ፤ በ1964 ደግሞ በዘፈን ተዘጋጅቶ «ማይ ፌር ሌዲ» በሚል ስም ወጣና 8 የኦስካር ሽልማት አገኘ። ኤላይዛ በለንደን መንገድ ላይ አበባ የምትሸጥ ድኻ ልጅ ናት። ሂጊንስ የሚባለው የቋንቋ ሊቅ አነጋገሯን አርሞ እንደ መኳንንት ልጅ እንድትናገር ያደርጋታል፤ ከዚያም ታላላቆቹ ሰዎች ከእነርሱ ወገን ናት ብለው ይቀበሏታል። በዚህ ታሪክ ግንቡ የተሠራው ከገንዘብ ይልቅ ከድምፅ ነው። ይህን ለመረዳት ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እንግሊዝኛን ከሕፃንነቱ የለመደ ልጅና በኋላ የተማረ ልጅ በአንድ ክፍል ተነሥተው ሲያነቡ፥ ማን ከየት እንደ መጣ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይታወቃል።

ሂጊንስ ፈተናው በመፈጸሙ ሲደሰት፥ ኤላይዛ ግን «እንግዲህ እኔ ምን ልሆን ነው?» የሚል ጭንቀት ይይዛታል። አበባ ወደምትሸጥበት መንገድ እንዳትመለስ አነጋገሯ አይፈቅድላትም፤ ወደ መኳንንቱ እንዳትሄድ ገንዘብ የላትም። ሾው ሂጊንስና ኤላይዛ እንዲጋቡ አልፈለገም፤ በኋላ በጻፈውም ማብራሪያ ኤላይዛን ለፍሬዲ ዳራት። የፊልሙ ሰዎች ግን ወደ ሂጊንስ መልሰው አመጧት፤ ተመልካች ሠርግ ይወዳልና።

የኤላይዛን ጭንቀት የማያውቀው ከእኛ መካከል ማን ነው? ብዙዎቻችን በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍልን ፈጽመን እግዚአብሔር ቢፈቅድ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሄዳለን። ወላጆቻችን ይህን ቀን ሲጠባበቁ ኖረዋል፤ ከደስታቸው ጋራ ግን አንድ ፍርሃት እንዳለባቸው የተረዳሁት ያን እሑድ ማታ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አባቴ እየሳቁ «ተምረሽ ስትመለሺ ከፊት ነው የምትቀመጪው ወይስ ከኋላ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከፊት፥ ከእርስዎ አጠገብ ነው» አልኋቸው። ሣቁ፤ ነገር ግን መልሱን በእውነት ሊሰሙ ፈልገው እንደ ነበር ከዓይናቸው አየሁ። ከዚህ የተነሣ ስለ ባለጸጋና ስለ ድኻ ፍቅር ስናወራ ስለ ሙሽሮች ብቻ ማውራታችን ትክክል አይመስለኝም። ትምህርትም ግንብ የሚያሻግር ነገር ነው፤ ተሻጋሪው ልጅ ሲሻገር ወላጁ በወዲያኛው በኩል ይቀራል።

በ1953 ዊሊያም ዋይለር ያዘጋጀው «ሮማን ሆሊደይ» ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ግንቡን በትክክል የሚለካ ነው። ልዕልት አን ለጉብኝት ወደ ሮማ መጥታ ሳለ ሥርዐቱ ሰልችቷት ሌሊት ከአገሯ ኤምባሲ ታመልጣለች። ጆ ብራድሌይ የሚባል ኪሱ ባዶ የሆነ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያገኛታል፤ ማን እንደ ሆነችም ሲያውቅ ሳያስታውቃት ታሪኳን ጽፎ 5,000 ዶላር ለማግኘት ይነሣል። አንድ ቀን ሙሉ ከተማውን አብረው ይዞራሉ። ፀጉሯን ታስቈርጣለች፤ በደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አይስ ክሬም ትበላለች፤ በሞተር ብስክሌት ትጋልባለች። በመጨረሻም ይዋደዳሉ።

ቀላል ፊልም ቢሆን ልዕልቲቱ ዘውዱን ጥላ ትሄድ ነበር፤ ወይም ጆ የተሸሸገ ልዑል ሆኖ ይገኝ ነበር። ዋይለር ግን ሁለቱንም አላደረገም። ልዕልቲቱ ለቤተሰቧና ለአገሯ ያለባትን ግዴታ አስባ ትመለሳለች፤ ጆም ታሪኩን አይሸጥም፤ ፎቶግራፍ ያነሣው ወዳጁም ሥዕሎቹን ለእርስዋ ይሰጣታል። በማግስቱ ልዕልቲቱ ጋዜጠኞችን ስትቀበል በሰው ሁሉ ፊት እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይሰናበታሉ። ከዚያ ጆ በሰፊው አዳራሽ ብቻውን እየተራመደ ይወጣል። ግንቡ እንደ ቆመ ነው፤ ሁለቱ ግን በግንቡ ላይ ተያይተዋል። ጆ ለፍቅሩ የከፈለው 5,000 ዶላር ነው፤ የማንንም ልብስ ሳይለብስ በራሱ ኮት ክቡር ሰው ሆኖ ወጣ። የዚህ ፊልም ታሪክ ደራሲ ዳልተን ትራምቦም ከግንብ ውጭ የቆመ ሰው ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ሥራ ስለ ተከለከለ ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ ሽልማቱንም ሌላ ሰው ተቀበለለት። የኦስካሩ ሽልማት በስሙ የተሰጠው ከሞተ በኋላ፥ በ1993 ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በቤታችን ያለውን እጠቅስለታለሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው ይህንኑ ነገር ነው። የድኻ ልጅ የሆነው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ ይዋደዳሉም፤ አጥንት የሚቈጥረው ሥርዐት ግን ፍቅራቸውን ወደ መከራና ወደ ሞት ይወስደዋል። መጽሐፉ የወጣው ከ«ሳብሪና» ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ግንቡ አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ሆሊውድ በሳቅ ተሻገረው፤ የእኛ ደራሲ ግን በግንቡ ሥር የተቀበሩትን አሳዩን። እኔ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ አምናለሁ። ልቅሶው የግንቡን ክብደት ያሳውቀናል፤ ሳቁ ደግሞ ግንቡን ሰው እንደ ሠራው ያስታውሰናል። ሰው የሠራውን ነገር ሰው ሊስቅበት ይችላል፤ የተሳቀበትም ነገር እንደ ቀድሞው አይፈራም።

የመጨረሻው ምስክሬ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 «ሲቲ ላይትስ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ሌላው ሁሉ ወደ ድምፅ ገብቶ ነበር፤ እርሱ ግን ያለ ንግግር፥ ራሱ በደረሰው ሙዚቃ ብቻ ሠራው። ቤት የሌለው ድኻ ከአንዲት ዕውር አበባ ሻጭ ጋራ ይገናኛል። የመኪና በር ሲዘጋ ስለ ሰማች ከመኪናው የወረደ ባለጸጋ መሰላት። እርሱም ይህን አሳቧን አላፈረሰባትም። አንድ ሚሊዮነር ወዳጅ አለው፤ ይህ ሚሊዮነር ግን የሚያውቀው ሲሰክር ብቻ ነው፤ ስካሩ ሲበርድለት ያባርረዋል። ድኻው ከብዙ ድካም በኋላ ዓይኗ የሚታከምበትን ገንዘብ ከዚህ ሚሊዮነር አግኝቶ ይሰጣታል፤ በዚሁ ምክንያት ሌባ ተብሎ ይታሰራል።

ከወኅኒ ሲወጣ ከቀድሞው ይልቅ ተጐሳቍሎ ነው። ልጅቱ ድና የአበባ ሱቅ ከፍታለች፤ ያዳናትንም ባለጸጋ ትጠባበቃለች። በመስኮቱ ስታየው ትስቅበታለች። አዝናለትም ወጥታ አበባና ሳንቲም ስትሰጠው እጁን ትይዛለች፤ ያን ጊዜ እጇ ዐወቀው። እርሱ ፊቷን እያየ ፈራ፤ እርስዋም ዝም ብላ ታየዋለች። ፊልሙ በዚህ ያበቃል፤ ትውደደው ወይም ትተወው አይነግረንም።

«ፍቅር ዕውር ነው» ይባላል፤ ቻፕሊን ግን ዕውር ሳለች መውደዷ ቀላል እንደ ነበረ፥ ፈተናው ዓይኗ በበራበት ቀን እንደ ጀመረ አሳየን። በባለጸጋና በድኻ መካከል ያለው ፍቅር እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በግብዣው ብርሃን አይደለም። የተቀደደው ኮት፥ የሻከረው እጅና የተሰበረው እንግሊዝኛ በቀን ብርሃን ከታየ በኋላ፥ አሁንም «አንተ ነህ?» ብሎ እጅን ያለ መልቀቅ ነው። ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ለእኔ የተረፈኝ ይህ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ አንዳችን ከታች፥ አንዳችን ከላይ ሆነን የምንገናኝበት ቀን ይመጣል። ከላይ ያለ ወጣት ከታች ያለችውን ወድጃለሁ ቢል፥ እርስዋን ወደ ቤቱ ከመጥራቱ በፊት 30ውን እርምጃ እርሱ ይራመድ፤ በናቷ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ይጠጣ። ከታች የተነሣችሁም ዕውቀትን በሙሉ ልብ ውሰዱ፤ ድምፃችሁንም አሠልጥኑ፤ ነገር ግን ያሳደጋችሁን ሰው ፊት ለፊት ለማየት የማያስችል ልብስ ቢቀርብላችሁ፥ ያ ልብስ ልካችሁ አይደለም። የተከበራችሁ ወላጆች ደግሞ «የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን የኤሊ አባት እንዳደረገው፥ ሰውየው ያቀረበውን ሒሳብ ተመልከቱ። 10,000 ሊወስድ ሲችል 39 ከ60 ሳንቲም የጠየቀ ሰው፥ የማንም ልጅ ቢሆን፥ ቤት የሚሠራ ነው።

የሚመጣው ዓመት ተማሪዎችም የሲኒማ ክበቡን እንዳትተዉት አደራ እላለሁ። ስትስቁም ሾፌሩን፥ አሳላፊውንና አበባ ሻጯን ተመልከቱ፤ የፊልሙ ብርሃን ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ አይበዛም፤ የታሪኩ እውነት ግን ብዙ ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ነው።